ጩኸቱ ምን ያመጣለታል? የልጅን አስቸጋሪ ድርጊት የመረዳትና የመለወጥ መመሪያ

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ፣ ፀሐይ በረድ ሲል። የአምስት ዓመት ልጅ ሙሸበክ የተባለው ጣፋጭ ከሚጠበስበት ድስት ፊት መሬት ላይ ይወድቅና ይጮኻል። እናቱ "ተው፣ ተነስ" ትላለች። ጩኸቱ ይብሳል። ሰው ዞሮ ያያል፤ አንዷ "ኧረ ግዢለት፣ ምስኪን!" ትላለች። እናት ትገዛለች፤ ልጁ ዝም ይላል። በዚያች ደቂቃ ሁለት ሰው ትምህርት ወስዷል። ልጁ ወድቆ ሲጮህ ሙሸበክ እንደሚመጣ ተማረ፤ እናት ደግሞ ስትገዛ ጩኸቱ እንደሚቆም ተማረች። ነገም ሁለቱም ይደግሙታል። ልጁ ባለጌ ሆኖ፣ እናቲቱም ልጅ ማሳደግ አቅቷት አይደለም። ያደረጉት ነገር ስለሠራላቸው ነው።

ብዙዎች ኤቢኤ እያሉ የሚጠሩት ተግባራዊ የባሕርይ ትንተና የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ድርጊት የሚጸናው ወይም የሚከስመው ተከትሎት በሚመጣው ነገር ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ይህን በአይጥና በርግብ ላይ አጥንቶታል። በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቤር፣ ዎልፍና ሪዝሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ዕውቀቱ ለሰው ኑሮ ሲውል ሊያሟላቸው የሚገቡ ሰባት መስፈርቶችን ጻፉ። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከእነዚያ ሁለቱን መያዝ ይበቃል። የምትለውጡት ነገር ለልጁ ሕይወት በእውነት የሚጠቅም ይሁን፤ ለውጡም በግምት ሳይሆን በቁጥር ይታይ።

ይህ መመሪያ በተለይ ኦቲዝም ያለበት ወይም ንግግሩ የዘገየ ልጅ ለሚያሳድጉ ወላጆች፣ አክስቶች፣ አያቶችና ለመምህራን ነው። "እንዴት ላስቁመው?" የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው አስቀምጡት። "ይህ ድርጊት ለልጁ ምን ያመጣለታል?" የሚለው ሳይመለስ የሚወሰድ እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል።

ከሁሉ በፊት ሰውነቱን

መናገር የማይችል ልጅ "ጆሮዬን አመመኝ" የሚለው ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር በማጋጨት ሊሆን ይችላል። ድርጊቱ በድንገት ከጀመረ፣ ወይም የቆየው በጥቂት ቀን ውስጥ እጥፍ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ጆሮ፣ ጥርስ፣ የሆድ ድርቀት፣ የአንጀት ትላትል፣ የሚጥል በሽታና እንቅልፍ ይታዩ። ድሬ ላይ ሙቀቱም አለ። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ የሚነሳ ንዴት ብዙ ጊዜ መፍትሔው ውሃ፣ ጥላና ስስ ልብስ ነው። አንገቱና ብብቱ ላይ የሙቀት ሽፍታ መኖሩንም እዩ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ድሬን ያዳረሰው፣ በትንኝ የሚተላለፈው የቺኩንጉንያ ትኩሳት የሚያስከትለው የመገጣጠሚያ ሕመም ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ከትኩሳት በኋላ "አልራመድም" ብሎ የሚቀመጥ ልጅ እልኸኛ ተብሎ ሲጎተት እግሩ እያመመው ሊሆን ይችላል።

ራሱን እስኪያቆስል የሚመታ፣ የሚነክስ ወይም የማይበላ ነገር የሚውጥ ልጅ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ብቻ ይዛችሁ አትጀምሩ። ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ከሐኪሙ ጋር ሆናችሁ ቀጥሉ።

እያመለጠ የሚሮጥ ልጅ ካለ ትንተናው ከመጀመሩ በፊት በሩ ይስተካከል። መቀርቀሪያውን ልጁ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ስቀሉት፤ የስልክ ቁጥራችሁን በልብሱ ውስጠኛ በኩል ጻፉ። ደቻቱ በተባለው ደረቅ ወንዝ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ይህ በይደር የሚተው ነገር አይደለም። አሸዋው ደረቅ ሆኖ ሳለ ደጋው ላይ በጣለ ዝናብ ጎርፍ ይደርሳል፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ሐረር ጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ ውስጥ ደግሞ ልጁ በጠባቡ መተላለፊያ ታጥፎ ከዓይን የሚሰወረው በሰከንዶች ነው። ጎረቤትንና የሰፈር ባለሱቆችን አስቀድማችሁ አስተዋውቁት።

የሚታየውን ብቻ ጻፉ

"ያስቸግራል"፣ "ይቀብጣል"፣ "ይናደዳል" የሚሉት ቃላት አይቆጠሩም። ምን ሲያደርግ ነው አስቸገረ የምትሉት? ቪዲዮ ላይ ሊታይ የሚችለውን ብቻ ጻፉ። ለምሳሌ "መምታት" ማለት በተከፈተ መዳፍ ወይም በቡጢ የሌላን ሰው አካል መንካት ነው፤ በጨዋታ መካከል መገፋፋትና እጅ ማርገብገብ አይቆጠሩም። የሚቆጠረውንም የማይቆጠረውንም ጻፉ።

ትርጓሜው ጥሩ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ሰው ሳይነጋገር በተመሳሳይ አንድ ሰዓት ውስጥ ይቁጠር። ትንሹን ቁጥር ለትልቁ አካፍሉና በ100 አባዙ። እናት 8፣ አክስት 10 ከቆጠሩ 80 በመቶ ተስማምተዋል፤ ይህ ለመጀመር ይበቃል። እናት 4 አክስት 10 ከሆነ ግን የተጣሉት በትርጓሜው ላይ ነው። እሱን አስተካክላችሁ እንደገና ቁጠሩ።

መቁጠሩን ብዙ ቤተሰብ ይዘለዋል፤ ሥራው የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ያልተቆጠረ ነገር ደክሟችሁ በዋላችሁ ቀን ባሰ፣ ባረፋችሁ ቀን ቀነሰ ይመስላል። ለአጭርና ጥርት ላለ ድርጊት ብዛቱን ቁጠሩ፤ ቀኝ ኪስ ውስጥ ባቄላ ይዛችሁ በእያንዳንዱ ምት አንዷን ወደ ግራ ኪስ ማዛወር ከወረቀት ይቀላል። ለለቅሶና ለመንከባለል ግን ብዛት ያሳስታል። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ አልቅሶ አንዱ ለቅሶ 40 ደቂቃ ሊፈጅ ስለሚችል በስልካችሁ ሰዓት ርዝመቱን ያዙ። 50 ተማሪ ፊቱ ያለ መምህር ሁሉንም መቁጠር አይችልም። ስልኩን በየ5 ደቂቃው እንዲነዝር ያድርግና በዚያች ቅጽበት ብቻ ልጁን ቀና ብሎ ይየው። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 8 እይታ ይኖረዋል። በ6ቱ ልጁ ከወንበሩ ተነስቶ ከተገኘ 75 በመቶ ብሎ ይጻፍ።

አደጋ ካለው በስተቀር ከ5 እስከ 7 ቀን ምንም ሳትለውጡ ቁጠሩ። የዕረፍት ቀንም የትምህርት ቀንም ይግባበት። ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ሲገባ የቤቱ ምግብና እንቅልፍ ስለሚቀየር የዚያን ጊዜ ቁጥር ከሌላው ጋር አታደባልቁ።

ከፊቱ ምን ነበር፣ ከኋላው ምን መጣ

አሁን ሦስት ዓምድ ያለው ገጽ አስምሩ፦ ቀዳሚ፣ ድርጊት፣ ተከታይ። ከድርጊቱ በፊት ባለው ግማሽ ደቂቃ ምን ሆነ? ምን አደረገ? ወዲያው ሰው ምን አደረገ? ሰዓቱንና የነበሩትን ሰዎች ጎን ላይ ጻፉ። ለምሳሌ፦

ሰኞ 3፡20። መምህሯ "ደብተር አውጡ" አለች። ደብተሩን ቀደደ። ከክፍል ውጣ ተባለ።
ሰኞ 4፡45። ከሰሌዳ ገልብጡ ተባለ። እርሳሱን ወረወረ። ቢሮ ተወስዶ ተቀመጠ።
ማክሰኞ 3፡15። ስዕል ሲስሉ። ምንም አልተፈጠረም።
ማክሰኞ 5፡00። የቃል ጽሕፈት። ጎረቤቱን ገፋ። ውጭ ቁም ተባለ።

መምህሯ እየቀጣች ይመስላታል። ገጹ ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ ልጁ መጻፍ በመጣ ቁጥር የሚያስወጣውን ቁልፍ አግኝቷል። ቅጣት የተባለው ለእሱ እረፍት ነው። ከ15 እስከ 20 መስመር ሲሞላ እንዲህ ያለ ንድፍ ብዙ ጊዜ ራሱ ይወጣል።

ድርጊት የሚያመጣው ነገር በጥቅሉ ከአራት አንዱ ነው። አንደኛው የሰው ትኩረት ነው፤ ቁጣም ትኩረት ነው፣ "ተው!" ብሎ መጮህም፣ ዓይን አፍጥጦ ማየትም። ሁለተኛው ከማይፈልጉት ነገር መገላገል ነው፤ ሥራ፣ ጫጫታ፣ ሕዝብ፣ ጠንከር ያለ ሽታ። ሦስተኛው የሚፈለግ ነገር ነው፤ ስልክ፣ ሙሸበክ፣ ባጃጅ ላይ መውጣት። አራተኛው ሰውነት ራሱ የሚያገኘው ስሜት ነው፤ መወዛወዝ፣ ጆሮን መድፈን፣ ጣት ማኘክ። አራተኛውን የምትለዩት ልጁ ብቻውን ሆኖም የሚያደርገው ከሆነ ነው።

አንድ ድርጊት ሁለት ሥራ ሊኖረው ይችላል። ቤት ውስጥ ስልክ ለማግኘት የሚጮኸው ልጅ ትምህርት ቤት የሚጮኸው ከጫጫታው ለመሸሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለቤቱና ለትምህርት ቤቱ የተለያየ ገጽ ያዙ። "ያለ ምንም ምክንያት ነው የሚጀምረው" ከተባለ ቀዳሚው ዓምድ በችኮላ ተሞልቷል ማለት ነው። ጀነሬተር ተነስቶ ይሆናል፣ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሞ ይሆናል፣ እንግዳ ገብቶ ይሆናል፣ ታላቅ እህቱ ስልኳን አውጥታ ይሆናል።

ግምታችሁን በቀላሉ ፈትኑት። "ከሥራ ለመሸሽ ነው" ካላችሁ ለ2 ቀን ሥራውን በግማሽ አቅልሉ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተዉት። ድርጊቱ ከወረደ ግምቱ ትክክል ነው። ካልወረደ ወደ ገጹ ተመለሱ። ድርጊቱን ሆን ብሎ እየቀሰቀሱ መፈተን የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ስለሆነ ቤት ውስጥ አይሞከር።

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የሚረሳ አንድ ቀዳሚ አለ፦ ቋንቋ። አያት በአፋን ኦሮሞ ያናግሩታል፣ ጎረቤት በሶማሊኛ፣ ትምህርት ቤት በአማርኛ፤ ሐረር ጁገል ደግሞ ሐረሪው ይጨመራል። ትእዛዝ አልፈጽም ያለው ልጅ ትእዛዙን አልሰማው ሊሆን ይችላል። ከአንድ በላይ ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ አይጎዳውም፤ የቤቱን ቋንቋ አትንጠቁት። ግን ለመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት የመጠየቂያ ቃላት ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቃል ይጠቀም። ውሃ ይሁን ቢሻን ወይም ቢዮ፣ ልጁ አብዝቶ የሚሰማው ይመረጥ፤ ሁለተኛው ቃል በኋላ ይጨመራል።

ከመንሣታችሁ በፊት ስጡ

ጩኸቱ ልጁ ያለው ብቸኛ ቋንቋ ከሆነ፣ ሌላ ሳትሰጡት ጩኸቱን ብትወስዱበት ወደ ባሰ ነገር ይሄዳል። ካርና ዱራንድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ይህንኑ ነው። ልጁ በአስቸጋሪው ድርጊት የሚያገኘውን ያንኑ ነገር በመጠየቅ እንዲያገኝ ሲማር ድርጊቱ ይቀንሳል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ አዲሱ መጠየቂያ ከአሮጌው ድርጊት የቀለለና የፈጠነ መሆን አለበት። መናገር ለሚከብደው ልጅ "እባክሽ እናቴ ውሃ ስጪኝ" ማስባል ከጩኸት ይከብዳል፤ አንድ ካርድ ማቀበል ግን ይቀላል።

ካርዱን እንዲህ ሥሩ። የሚፈልገውን ነገር ራሱን ፎቶ አንሱ፤ የእሱን ኩባያ እንጂ ከኢንተርኔት የወረደ ኩባያ አይሁን። 5 በ5 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ አሳትሙና ፎቶ ኮፒ ቤት ላሚኔት አስደርጉት፤ ካልሆነም ሁለቱን ገጽ በግልጽ ፕላስተር ሸፍኑት። ላብና ውሃ ያልተሸፈነ ወረቀትን በሁለት ቀን ስለሚጨርሰው ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ።

ለማስተማር መጀመሪያ ሁለት ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ነገሩን ይዞ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ሌላው ከልጁ ኋላ። ልጁ እጁን ወደ ነገሩ ሲዘረጋ ከኋላ ያለው ሰው ያንን እጅ ካርዱን አንስቶ ፊት ለፊት ላለው ሰው እንዲያስቀምጥ ይመራዋል። ተቀባዩ በ2 ሰከንድ ውስጥ ነገሩን ይሰጥና ስሙን ይጠራል፦ "ውሃ!"። ከኋላ ያለው ሰው ምንም አይናገርም። "ካርዱን ስጥ" እያላችሁ ካስተማራችሁት "ስጥ" እስኪባል የሚጠብቅ ልጅ ታገኛላችሁ፤ ይህ ደጋግሞ የሚታይ ስህተት ነው። ልጁ እጁ መነካቱን ከጠላና ከሳበ አታስገድዱት። ካርዱን ወደ እጁ አቅርባችሁ በመጠቆም እርዱት።

በቀን ከ20 እስከ 30 ጊዜ፣ በሦስት ወይም በአራት አጭር ዙር ይለማመድ። እገዛውን በየደረጃው ቀንሱ፤ ከመዳፍ ወደ አንጓ፣ ከአንጓ ወደ ክርን፣ ከዚያ ትከሻን መንካት ብቻ፣ ቀጥሎ 5 ሰከንድ ዝም ብሎ መጠበቅ። ከ10 ሙከራ 8ቱን ያለ እገዛ ሲያደርግ ተቀባዩ አንድ እርምጃ ይራቅ፣ በኋላም ሌላ ሰው ይተካ።

ለመሸሽ ለሚጮኸው ልጅ ካርዱ "እረፍት" ነው። ካርዱን ሲሰጥ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይረፍ፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለስ። መምህራን "ቀኑን ሙሉ እረፍት ሲጠይቅ ይውላል" ብለው ይፈራሉ። በመጀመሪያው ሳምንት እውነት ነው፤ እንዲያደርግም ይፈቀድለት። ቃሉ መሥራቱን ካመነ በኋላ ነው መጠበቅን የምታስተምሩት፦ "እሺ፣ ቆይ" ብላችሁ 2 ሰከንድ፣ ቀጥሎ 5፣ 10፣ 20፣ 30፣ ከዚያ 1 ደቂቃ። በአንዱ ደረጃ ከ10 ሙከራ 8ቱን በሰላም ከጠበቀ ወደሚቀጥለው እለፉ። ሁለት ቀን ተከታትሎ ካልተሳካ አንድ ደረጃ ተመለሱ። ከ5 ሰከንድ ወደ 5 ደቂቃ መዝለል የተማረውን ሁሉ ያጠፋል።

ትኩረት ለሚፈልገው ሌላም መንገድ አለ። በ3 ሰዓት ውስጥ 30 ጊዜ ከጮኸ በአማካይ በየ6 ደቂቃው ነው። እናንተ በየ4 ደቂቃው፣ ሳይጮህ፣ ሳይጠይቅ፣ ሂዱና አጫውቱት። ጥም ሳይነሳ ውሃ እንደማቅረብ ነው።

ማጠናከሪያው

ማጠናከሪያ ማለት ድርጊትን ተከትሎ መጥቶ ያንን ድርጊት ወደፊት የሚያበዛ ነገር ነው። ካላበዛው ምንም ያህል ውድ ቢሆን ማጠናከሪያ አይደለም። እናንተ የምትወዱትን ሳይሆን እሱ የሚመርጠውን እወቁ። 5 ነገር አዘጋጁ፤ ሁለት ሁለቱን ፊቱ አስቀምጡና የቱን እንደሚያነሳ ጻፉ። ሁሉም ከሁሉም ጋር ሲጣመር 10 ምርጫ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ የተነሳው የሳምንቱ ማጠናከሪያ ነው። በየሳምንቱ ድገሙት፣ ምርጫው ይቀየራል።

ምግብ ከሆነ የሽምብራ ፍሬ ያህል ቁራጭ ይበቃል። ሙሉ ሙሸበክ በአንድ ጊዜ የሰጠ ሰው ለቀጣዩ ሙከራ ምንም አልቀረውም። የባቢሌ ለውዝና ቆሎ ትንፋሽ ሊያዘጋ ስለሚችል ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ ወይም ሳያኝክ ለሚውጥ፣ በምንም ምክንያት አይሰጥ። ከምግብ ውጭ ያለውም ብዙ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ በእጁ ላይ ማፍሰስ፣ ማራገቢያውን ራሱ ማብራት፣ በቆመ ባጃጅ ላይ 1 ደቂቃ መቀመጥ። የመጠጥ ውሃ፣ መደበኛ ምግብ፣ መጸዳጃ፣ እንቅልፍና የእናት እቅፍ ግን መብት ናቸው፤ እነሱን ይዛችሁ "መጀመሪያ ይህን አድርግ" አትበሉ።

ልጁ እየጮኸ ሳለ "ዝም ካልክ እሰጥሃለሁ" ማለት ለጩኸት ዋጋ መክፈል ነው። ስምምነቱ ከጩኸቱ በፊት ይነገር፣ ስጦታው ከመልካሙ ድርጊት በኋላ ይምጣ፣ ዘግይቶም ከ3 ሰከንድ አይለፍ። "ጎበዝ" ብቻ አትበሉ፤ "ጎበዝ፣ ካርዱን ሰጠኸኝ" በሉ።

ማጠናከሪያውን ለማዘግየት የለስላሳ ቆርኪ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ልጁ ቆርኪ ያጠራቅምና በማጠናከሪያው ይለውጣል፤ ወደ አፉ የሚከት ልጅ ከሆነ ግን ተዉት፣ ጠርዙንም በመዶሻ አስተኙ። በ3 ቆርኪ ጀምሩ፤ ሁለቱን ያለ ሥራ ስጡትና ሦስተኛውን ሠርቶ ያግኝ፣ ወዲያው ይለውጥ። ከዚያ በሁለት፣ በሦስት ሥራ፤ ቀስ እያላችሁ እስከ 10 አድርሱት። የሰጣችሁትን ቆርኪ ለቅጣት አትንጠቁ።

ማክሰም፣ እና የሚመጣው ማዕበል

አሁን ነው አሮጌው ድርጊት ምንም እንዳያመጣ የሚደረገው። "ችላ በሉት" የሚለው ምክር በየቦታው ይሰማል፤ ትክክል የሚሆነው ግን ድርጊቱ ትኩረት ሲፈልግ ብቻ ነው። ነገር ሲፈልግ ማክሰም ማለት ያንን ነገር በጩኸት አለመስጠት ነው። መሸሽ ሲሆን ሥራው እንዳይጠፋ ማድረግ ነው፤ ግን ትንሽ ይሁን፣ አንድ ፊደል ብቻ፣ በእገዛ፣ ከዚያ እረፍት። ለመሸሽ የሚጮኸውን ልጅ ችላ ብትሉት የፈለገውን ሰጣችሁት። የሰውነት ስሜት ሲሆን ደግሞ ችላ ማለት ምንም አይለውጥም።

ተጠንቀቁ፦ ድርጊቱ ከመቀነሱ በፊት ሊባባስ ይችላል። ይጠነክራል፣ ይረዝማል፣ አዲስ ነገርም ሊጨመርበት ይችላል። መብራት አልበራ ሲል ማብሪያውን ደጋግመን እንደምንጫነው ነው። በሦስተኛው ቀን ማዕበሉ ሲነሳ የምትሸነፉ ከሆነ ልጁ "በርትቼ ስጮህ ይሠራል" ብሎ ይማራል፣ ከመጀመሪያው የባሰ ጩኸትም ይተክላል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የቤቱ ሰው ሁሉ ይስማማ። አያት አዝነው በጓሮ በኩል ብስኩት የሚሰጡ ከሆነ አትጀምሩ። ለአያትም ሥራ ስጧቸው፤ ካርዱን ተቀባይ እሳቸው ይሁኑ። አንድ ግቢ ለተከራያችሁ ጎረቤቶች አስቀድማችሁ ንገሩ፤ "ለሁለት ሳምንት ያህል ጩኸት ትሰማላችሁ፣ እያስተማርነው ነው፣ ምንም አትስጡት"። ራሱን ወይም ሌላውን ለሚጎዳ ድርጊት ግን ማክሰምን ያለ ባለሙያ አትሞክሩ፤ የማዕበሉን ዋጋ የሚከፍለው ሰውነቱ ነው።

አዲስ ችሎታ፦ እጅ መታጠብ

ረጅም ሥራ ለልጁ አንድ ሥራ አይደለም። እናንተ ራሳችሁ እየሠራችሁ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ጻፉ። ቧንቧ ያለው ባልዲ ለሚጠቀም ቤት፦

1. እጅጌ መሰብሰብ
2. ቧንቧውን መክፈት
3. ሁለቱን እጅ ማርጠብ
4. ቧንቧውን መዝጋት
5. ሳሙና ማንሳት
6. መዳፍ ለመዳፍ ማሸት
7. የእጅ ጀርባና ጣቶች መካከል ማሸት
8. ሳሙናውን መመለስ
9. ቧንቧውን ከፍቶ ማለቅለቅና መዝጋት
10. በፎጣ ማድረቅ

ከኋላ ጀምራችሁ አስተምሩ። ከ1 እስከ 9 ያለውን በእገዛ አስጨርሱትና 10ኛውን ብቻ ራሱ ያድርግ፤ ማጠናከሪያው እዚያ ላይ ይምጣ። በ3 ተከታታይ ቀን 10ኛውን ያለ እገዛ ካደረገ 9ኛውን ጨምሩ። እንዲህ ሲሆን ልጁ ሁልጊዜ የሚጨርሰው በራሱ ድልና በሽልማት ነው። በአንዱ ደረጃ ላይ አምስት ቀን ከቆመ ደረጃው ትልቅ ነውና ለሁለት ክፈሉት።

የድሬ ውሃ ጠጣር ስለሆነ ሳሙናው ብዙ አረፋ አይሰጥም። "አረፋ እስኪወጣ እሸው" የሚል መመሪያ ልጁን እዚያው ያስቀረዋል፤ በምትኩ እስከ 20 እየቆጠራችሁ እሹ።

የማይነካ ነገር

በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ የሚያሳፍር ምዕራፍ አለ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢቫር ሎቫስ የተባለ ተመራማሪ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ጥፊና የኤሌክትሪክ ንዝረት ተጠቅሟል። አድገው መናገርና መጻፍ የቻሉ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎችም ያለፉበት ሥልጠና እንደጎዳቸው ተናግረዋል። ሊሰሙ ይገባል። ልጁን "እንደ ሌላው ሰው ማስመሰል" ግብ አይሁን። እጁን ቢያርገበግብ፣ ቢወዛወዝ፣ ሲያዳምጥ ወደ ሌላ ቢያይ ማንንም አይጎዳም፤ ተዉት። "ዓይኔን እየኝ" ብሎ አገጭ መያዝም ይቅር። መቆንጠጥ፣ በርበሬ ማጠን፣ ማሰር፣ ክፍል መቆለፍ በየትኛውም ስም ይህን ዘዴ አይሆኑም። ቅጣት ድርጊቱን ለጊዜው ያቆማል፤ በምትኩ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አያስተምርም፣ ቀጪውንም ያስፈራል።

የ1987 እ.ኤ.አ. የሎቫስ ጥናት በሳምንት 40 ሰዓት ሥልጠና ይጠቀም ስለነበር ብዙ ወላጅ ያንን ቁጥር ሰምቶ ተስፋ ይቆርጣል። ልጆቹ በዕጣ ያልተመደቡበት ጥናት ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዙት። በቀን ሦስት ጊዜ 15 ደቂቃ፣ በየቀኑ፣ ልጁም ደስ እያለው ከሆነ ብዙ ነገር ይሠራል።

ወደ ቀፊራ መመለስ

ቁጥሩን ባለ ካሬ ደብተር ላይ በየቀኑ አንድ ነጥብ አድርጋችሁ አስምሩ። ዕቅዱ በተጀመረበት ቀን ቀጥ ያለ መስመር አውርዱ፣ ግራና ቀኙ ይነጻጸር። ከ7 ቀን በኋላ ነጥቦቹ ካልወረዱ ከመቀየራችሁ በፊት ሦስት ነገር አጣሩ፦ ሁሉም ሰው እንደተባለው እያደረገ ነው? ማጠናከሪያው አሁንም ይፈለጋል? የድርጊቱ ሥራ በትክክል ተለይቷል? አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የመጀመሪያው ነው።

ቤት ውስጥ የተማረው ገበያ ላይ በራሱ አይታይም፤ እዚያው ይሠልጥን። የሙሸበኩን ካርድ ቤት ውስጥ ከለመደ በኋላ ሕዝብ ባልበዛበት ሰዓት ውሰዱት። የመጀመሪያው ጉዞ 5 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከሙሸበኩ ሌላ የሚገዛው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለት ፎቶ አሳዩት፦ "መጀመሪያ ሽንኩርት፣ ከዚያ ሙሸበክ"። ሽንኩርቱን ገዝታችሁ ድስቱ ጋ ስትቀርቡ፣ ገና ሳይወድቅ፣ ካርዱን እጁ አጠገብ ያዙ። ሲሰጣችሁ ቁራጭ ግዙ፣ ውጡ። ከወደቀ አጠገቡ ቁሙ፣ አትግዙ፣ አትቆጡ፤ ሲረጋጋ ያለ ሙሸበክ ተመለሱና በማግሥቱ ጉዞውን ወደ 3 ደቂቃ አሳጥሩት። ሦስት ጉዞ ሲሳካ አንድ ዕቃ፣ ከዚያ ሁለት ዕቃ ጨምሩ፤ ሰዓቱንም ወደ ሞቅታው ጠጋ አድርጉት። በመጨረሻ "ዛሬ ሙሸበክ የለም" የሚባልበት ጉዞ ይመጣል። ያን ቀን ከቤት ስትወጡ ንገሩት፣ በምትኩ የሚያገኘውን ነገር ፎቶ አሳዩት፣ ድስቱ በሌለበት ረድፍ ግቡ።

ለሁለት ሳምንት ጸጥ ካለ በኋላ በድንገት አንድ ቀን ሊወድቅ ይችላል። የከሰመ ድርጊት አልፎ አልፎ ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ያን ቀን በጩኸቱ ምንም ካላገኘ ድርጊቱ ተመልሶ ይከስማል። ዕቅዱ ካበቃ በኋላ በወር አንድ ቀን፣ በዚያው ባቄላ፣ በዚያው ሰዓት፣ እንደገና ቁጠሩ።